ሦስት ማንኪያ ጨው

መስከረም 14

ለተከበሩ አጎቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል፣ እኔ በዚህ በኩል… ብዬ ጀምሬ ነበር። መልሼ ሳነበው የሥራ ማመልከቻ መሰለብኝና ተውኩት። ጋሼ፣ እንዴት ነህ? ጉልበትህስ? እኔ ተመስገን ነው፤ ከድካም በቀር ሌላ ሕመም የለብኝም። አሁን እንኳ የምጽፍልህ ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ነው። ጎንበስ ብሎ ማሰሪያውን መፍታት ራሱ ሥራ ሆኖብኛል።

ሥራው ያው ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው አሳንሰር ስጠግን እውልና ወደ ቤቴ አምስት ፎቅ በእግሬ እወጣለሁ። የእኛ ሕንፃ አሳንሰር ከተበላሸ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ባለቤቱ የጥገናውን ውል ለሌላ ድርጅት ስለሰጠ እንዳልነካው ተከልክያለሁ። ጎረቤቶቼ ደረጃው ላይ እያለከለኩ ሲያገኙኝ «አንቺ እያለሽልን?» ይሉኛል። ምን ልበላቸው?

የምጽፍልህ ግን ጉድ ውስጥ ገብቼ ነው። እዚህ ሦስት ጓደኞች አሉኝ፤ አንዱ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር፣ አንዷ ነርስ፣ አንዱ ቁልፍ ሠሪ። አራታችንም ብቻችንን ነው የምንኖረው። ከሥራ ስንገባ ማዕድ ቤት ቆመን ዳቦ የምንገምጥ ሰዎች ነን። አንድ ቀን ነርሷ «ኧረ አንዳንዴ እንኳ እንደ ሰው ተቀምጠን እንብላ» አለችና ተራ ገባን። የአራታችን ፈረቃ በሚገጥምበት፣ በየሦስት ሳምንቱ ሐሙስ አንዱ ቤቱ እራት ያበስላል፣ ሦስቱ ይመጣሉ። ሕጉ አንድ ነው፤ የተገዛ ምግብ ክልክል። በገዛ እጅ ያልተሠራ ጠረጴዛ ላይ አይወጣም።

እኔ ደግሞ፣ አንተው ታውቀዋለህ፣ ከማዕድ ቤት የማውቀው በሩን ነው። እናቴ ሞታ አንተ ጋ ከመጣሁ ጀምሮ «ውጪ! ሂጂ ትምህርትሽን አጥኚ!» እያልክ ስታባርረኝ ነው ያደግኩት። የእኔ ሥራ ደፉ ላይ ቆሞ መጠበቅ ነበር። ማንኪያውን እፍ እፍ ብለህ ታቀብለኝና «ቅመሺ! ምን ጎደለው?» ትለኛለህ። እነግርሃለሁ። ከዚያ እንደገና ውጪ። ይኸው ነው ሙያዬ።

እና ተራዬ ሲደርስ ምን አደረግሁ መሰለህ? መንገዱ ጥግ ካለው ምግብ ቤት የዶሮ ሾርባ ገዝቼ፣ በገዛ ድስቴ ገልብጬ፣ አሙቄ አቀረብኩ። እንዲያምኑኝ ብዬ የሽንኩርት ልጣጭ ጠረጴዛው ላይ በትኜ ነበር! በሉ፣ አመሰገኑ፣ ሹፌሩማ ሁለተኛ ሳህን ጨመረ። እነሱ ሲያመሰግኑኝ እኔ መግቢያ ቀዳዳ አጣሁ።

ተራዬ በጥቅምት መጨረሻ ይመለሳል። ካወቁብኝ ይህችን ማዕድ ላጣት ነው ጋሼ። ከሐሙስ ውጪ የማናግረው ሞተር ነው፤ እሱም ሲመልስልኝ በጩኸት ነው። እባክህ ሰው የሚበላው አንድ ነገር አስተምረኝ። «በስልክ የተነገረ ነገር ድስት ውስጥ አይገባም» ትል የለ? በደብዳቤ ይሁን።

ያሳደግካት ብሎን

—

መስከረም 30

ለልጄ ለብሎን፣

ሰላምሽ ይብዛ፣ እጅሽ አይዛል፣ የምትንጠለጠዪበት ገመድ አይበጠስብሽ። እኔ ደህና ነኝ። ሐምሌ ላይ ክፉ ጉንፋን ጥሎኝ ነበር፤ ለቆኛል፣ አታንሺው።

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። አንዴ ሳቅኩ፣ አንዴ ተናደድኩ። የሽንኩርት ልጣጭ በተንኩ ትላለች እኮ! የቤቱን ወንበር ሁሉ እየፈታሽ ሰው ስትጥዪ ብሎን ብዬ ስም ያወጣሁልሽ እኔ ነኝ፤ ይህን ማጭበርበር ግን ከየት እንዳመጣሽው አላውቅም። ሃያ ስምንት ዓመት የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሆኖ የኖረ ሰው ያሳደጋት ልጅ ሾርባ ገዝታ አቀረበች ቢባል ማን ያምናል? ጥፋቱ ግን የእኔም ነው። ሴት ስለሆንሽ ብቻ ምድጃ ሥር እንዳትቀሪ ብዬ ነበር የማባርርሽ። አበዛሁት መሰለኝ።

በይ ወረቀት ያዢ። ትምህርት ቤት የማበስለው ለሦስት መቶ ልጅ ነበር፤ ቅዳሜ ለወዳጆቼ የማበስለውን ደግሞ ለክቼው አላውቅም። ስለዚህ የሦስት መቶውን ለአራት ሰው ሳካፍል አንድ ደብተር ጨርሻለሁ።

ሁለት ኩባያ ምስር ልቀሚና እጠቢ። ሁለት ራስ ሽንኩርት አድቅቀሽ ክተፊ። ዘይቱን ሳትሰስቺ ጨምሪና ሽንኩርቱን አቁላዪ። እዚህ ላይ አትቸኩዪ፤ የቸኮለ ሽንኩርት ይመራል። ቀላ ሲል ሦስት ቲማቲም፣ አራት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት። ከዚያ ምስሩን፣ ከዚያ ስምንት ኩባያ ውሃ። ምስሩ ሲፈርስ ጨው፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ። ክደኚው፣ አሥር ደቂቃ ቆይተሽ አውርጂ።

የእኔ ቅዳሜ እንደ ድሮው አይደለም። ፀጉር አስተካካዩን፣ ግንበኛውንና ጡረተኛውን መምህር ታስታውሻቸዋለሽ። አሥራ አንድ ዓመት ቅዳሜ እራታቸውን የበሉት እኔ ቤት ነው። መምህሩ አሁን ልጁ ዘንድ ገብቷል። ግንበኛው ሁለት ቅዳሜ ቀረ፤ ሥራ በዝቶበት ይሆናል። ለአራት ሰው መጣድ የለመደ እጅ ለሁለት መጣድ እምቢ እያለኝ ምግቡ ይተርፋል።

ገንዘብ እንዳትልኪ፣ ጃኬትም አልፈልግም። አንድ ነገር ብቻ፤ ስትሠሪው ምን ምን እንደሚል ጻፊልኝ። በደንብ አድርገሽ ጻፊው።

አጎትሽ

—

ጥቅምት 28

ለምወድህ ጋሼ፣

ሰላም ጤና ለአንተ፣ ሰላም ለፀጉር አስተካካዩ፣ ሰላም ለድስትህ። አንተ ከበረታህልኝ እኔ ምን እሆናለሁ?

ትናንት ተራዬ ነበር። ለማብሰል ብዬ አለቃዬን አንድ ሰዓት አስፈቅጄ ወጣሁ። «ምን ሆነሽ?» ሲለኝ «ሽንኩርት ላቁላላ ነው» ብዬው አፉን ከፍቶ ቀረ። ያልከኝን አንድ በአንድ አደረግሁ። ልክ ሥራ ላይ መመሪያውን ግድግዳ ላይ ለጥፌ እንደምሠራው፣ ደብዳቤህን ከምድጃው በላይ ለጥፌ ነው የሠራሁት። ዘይት ነክቶታል፤ ከአሁን በኋላ ይሸታል።

ሦስቱም በሰዓታቸው መጡ። አምስት ፎቅ ወጥተው ስለሚመጡ መጀመሪያ የሚያደርጉት መቀመጥ ነው። ነርሷ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ሌላ ወንበር ላይ ሰቀለች። ሹፌሩ ወገቡን ይዞ «ዛሬ ማንም እንዳያናግረኝ፣ ምግብ ብቻ» አለ። ቀዳሁላቸው።

ሹፌሩ አንድ ማንኪያ ጎርሶ ዓይኑን ጨፈነ። ወዶት መሰለኝ። ቁልፍ ሠሪው «ውሃ አለ?» አለ። ሁለተኛውን ጎርሶ «ሌላ ውሃስ?» አለ። ከዚያ እኔ ቀመስኩ። ጋሼ! የጨው ተራራ የተናደው እኔ ድስት ውስጥ ነው! ሁለት ጆግ ውሃ አለቀ። ነርሷን «እንዴት ነው?» ብላት «ጥሩ ነው» አለች። ነርስ ደግሞ ለሚሞተውም «ጥሩ ነህ» ነው የምትለው። አንድም ሰው ጨው በዛ አላለም። ሁሉም ሳህኑን ጨረሰ። በጣም አፈርኩ።

ምን ምን እንደሚል ጻፊልኝ ብለኸኛል። ጨዉ መጀመሪያ በጥፊ ይመታሃል። እሱን ካለፍከው ግን ከሥሩ ሽንኩርቱ ይጣፍጣል፣ ምስሩም ለስለስ ብሏል። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት ወይስ ስታካፍል ተሳስተህ ነው? የሻይ ማንኪያ ለማለት ፈልገህ ነበር?

ብሎን

—

ኅዳር 29

ለልጄ፣

ጤና ይስጥልኝ። የዘገየሁት ስላልተመቸኝ ነው፣ ከዚያ ውጪ ምንም የለም።

የሾርባ ማንኪያ ያልኩት የሾርባ ማንኪያ ነው። በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ አንድ ተማሪ፣ አንድ መምህር፣ አንድ ዘበኛ መጥቶ ጨው በዛ ብሎኝ አያውቅም። ማንኪያሽ ትልቅ ይሆናል። ወይም ጓደኞችሽ አፋቸው ለስላሳ ነው።

አሁን ድንች በጎመን ሞክሪ። ስድስት ድንች፣ ግማሽ ራስ ጥቅል ጎመን፣ ሁለት ካሮት። ሽንኩርቱን እንደነገርኩሽ አቁላይተሽ ድንቹን አስቀድሚ፣ ጎመኑን በኋላ ጨምሪ። ጨው፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ተኩል። በዝግታ እሳት ግማሽ ሰዓት።

ግንበኛው አምስት ቅዳሜ ቀረ። መንገድ ላይ አገኘሁትና «ምነው ጠፋህ?» ብለው «ቤተሰብ» አለኝ፤ እንደ እኔው ብቻውን የሚኖር ሰው! ፀጉር አስተካካዩ ባለፈው መጣና ጥርሴን አሞኛል ብሎ ደረቅ ዳቦ ብቻ በላ። ጥርሱን ያመመው ሰው የዳቦ ቅርፊት በሁለቱም ጉንጩ ሲያኝክ ቁጭ ብዬ አየሁት።  ሰው ጡረታ ሲወጣ ወዳጁም አብሮ ጡረታ ይወጣል መሰለኝ። ባለፈው ቅዳሜ ጥጄ፣ ጠብቄ፣ ብቻዬን በላሁ።

ከዚያ ሰፈር የሚያቃጥል ነገር ካገኘሽ ላኪልኝ፤ ሚጥሚጣም ይሁን ቁንዶ በርበሬ፣ ከሁሉ ኃይለኛውን። ደግሞ ባለፈው ሽንኩርቱ ይጣፍጣል ብለሽ አለፍሽው። እንዴት ያለ ጣፋጭ? እንደ ስኳር? እንደ በሰለ ካሮት? ከዋጥሽው በኋላ ምላስሽ ላይ ምን ቀረ? እንዲህ እንዲህ ያለውን ነው የምፈልገው እንጂ ሰው ስንት ጆግ ውሃ እንደጠጣ አይደለም።

አጎትሽ

—

ታኅሣሥ 20

ጋሼ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። አሁን ወንበር ስበህ ቁጭ በል።

እኛ ሥራ ላይ አሳንሰር ሲቆም ሰው ሁሉ የሚጮኸውን ነገር ነው የሚያሳየን። በሩ ተንቋቋ፣ መብራቱ ብልጭ አለ ይሉናል። አሠልጣኜ ግን «መጀመሪያ መናገር ሲገባው ዝም ያለውን ፈልጊ» ይለኝ ነበር። ሁለቱን ደብዳቤዎችህን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ እንደዚያ አነበብኳቸው። ሽንኩርት አለ፣ ዘይት አለ፣ ደቂቃ አለ። አንድ ቃል ግን ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ። አንድም ቦታ «ቅመሺ» አላልከኝም።

አንተ! አሥራ ሁለት ዓመት በር ላይ አቁመህ ያስቀመስከኝ ሰውዬ! ደግሞስ መቼ ነው ጨው በማንኪያ ለክተህ የምታውቀው? በሦስት ጣትህ ትበትን ነበር፣ ከዚያ እኔን ትጠራለህ። አሁን ማንኪያ ትቆጥራለህ፣ ምላስ የሚልጥ በርበሬ ላኪልኝ ትላለህ፣ ዕድሜ ልክህን ያበሰልከው ሽንኩርት እንዴት እንደሚጣፍጥ እኔን ትጠይቃለህ። ጋሼ፣ ምላስህ ከድቶሃል። ያ «አታንሺው» ያልከኝ ጉንፋን ነው የወሰደው፣ አይደል?

ከሆነ ግንበኛው ሥራ አልበዛበትም፣ ፀጉር አስተካካዩም ጥርሱን አላመመውም። የአንተን ጨው እየበሉ ነው የከረሙት። የእኔ ሦስቱ ውሃ እየጠጡ ሳህናቸውን እንደጨረሱት፣ እነሱም ይሉኝታ ይዟቸው ሲውጡ ሲውጡ አልችል ብለው ነው የቀሩት። አንተ ጠሉኝ ብለህ ታኮርፋለህ፣ እነሱ እንዳታዝን ብለው ይሸሹሃል። ለዚህ ነው አሥራ አንድ ዓመት አብራችሁ የበላችሁት?

ንገራቸው። እናቴ የደረቷን ውጋት ደብቃ ስትኖር «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለህ የጮህክባት ማን ነበር? ያኔ ልጅ ነች፣ አትሰማም ብለህ ነው እንጂ ሰምቼሃለሁ። እሷ አልሰማችህም። አንተ ስማኝ።

የሚቀጥለው ተራዬ ጥር መጨረሻ ነው። ስለ ሾርባው እውነቱን እናገራለሁ፤ ቢያባርሩኝም ያባርሩኝ። እኔ የእኔን ከተናገርኩ አንተም የአንተን ትናገራለህ። በርበሬውን አልልክም።

ብሎን

—

ጥር 9

ለልጄ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እኔ ደህና ነኝ።

«ቅመሱልኝ» ብሎ የሚለምን ወጥ ቤት መንገዱን ምሩኝ እንደሚል ዓይነ ስውር ሹፌር ነው። የሚቀረው ከመሪው መውረድ ነው። ድስቱን ደፍቼ መደርደሪያ ላይ አውጥቼዋለሁ። ዳቦና ሻይ ይበቃኛል።

በዚህ ጉዳይ ሁለተኛ እንዳትጽፊልኝ። ሆድ ይፍጀው። ብርድ እንዳይመታሽ ወገብሽን ሸፍኚ።

አጎትሽ

—

የካቲት 6

ለምወድህ፣ ለሚያኮርፈው አጎቴ፣

እንዴት ነህ? አትጻፊ ብለሃል፤ ይኸው እየጻፍኩ ነው። ያንተን አልነካም፣ የራሴን ነው የምነግርህ።

ባለፈው ሐሙስ ድንች በጎመኑን ሠራሁ። ጨዉን ያንተን ልኬት ትቼ በሦስት ጣቴ እየበተንኩ፣ ማዕድ ቤቴ በር ላይ ወጥቼ ቆሜ እየቀመስኩ። ምድጃው ፊት ቆሜ ብቀምሰው ምላሴ እምቢ አለኝ፤ ለካ በር ላይ ነው የለመደው። ሦስቴ ጨመርኩ፣ አራተኛው ላይ በቃው።

ሰዎቹ መጡ፣ ተቀመጡ። ከመቅዳቴ በፊት ጭልፋውን ይዤ ቆምኩና «የመጀመሪያ ተራዬ ቀን የበላችሁት የዶሮ ሾርባ የእኔ አልነበረም። ገዝቼው ነው» አልኩ። ፈርቼ ነበር። ጋሼ፣ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ገመድ ይዤ ስንጠለጠል እንዲያ አልሆንም።

 ነርሷ ሹፌሩን አየችው፣ ሹፌሩ ቁልፍ ሠሪውን።

«እናውቃለን» አለ ቁልፍ ሠሪው።

«ምኑን?»

«ካሮቷን። ካሮቷ ጥርስ ጥርስ ነበራት። እንደዚያ የሚቆርጥ ማሽን ያለው ጥግ ላይ ያለው ምግብ ቤት ነው፤ ምሳዬን እዚያ ነው የምበላው።»

ሹፌሩ ደግሞ «ልጣጩስ?» አለ። «ሾርባው ውስጥ የነበረው ነጭ ሽንኩርት ብቻ፣ ጠረጴዛው ላይ የነበረው ልጣጭ የቀይ ሽንኩርት!»

ሳቁብኝ። እስኪያስላቸው ሳቁብኝ። «ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ?» ብዬ ተናደድኩ፤ እኔው ዋሽቼ እኔው ተናደድኩ። ነርሷ ሳቋን ስትጨርስ እንዲህ አለችኝ፤ «ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ቆሜ ነው የዋልኩት። ያንቺ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ ከዚያ ወዲህ ሾርባውን ማን እንደሠራው ግድ አልነበረኝም። ካወራን አኩርፈሽ ትቀሪያለሽ ብለን ፈራን።»

አየህ፣ እኔ እንዳያባርሩኝ ስፈራ እነሱ ጥላን እንዳትሄድ ብለው ይፈሩ ነበር። አምስት ወር ሙሉ! አልቅሻለሁ፣ አልደብቅህም። ለቅጣት የዶሮ ሾርባ ከነካሮቱ በገዛ እጄ እንድሠራ ፈርደውብኛል፤ የካሮቱ ጥርስም በቢላ ይሁን ብለዋል። እንዴት እንደሚሠራ አላውቅም። የምጠይቀው ሌላ ሰው የለኝም።

ድንቹ ምን ምን እንደሚል ልንገርህ? ዳሩ አፍ ውስጥ ይሟሟል፣ መሐሉ ትንሽ ይዟል። ጎመኑ እንደ ስኳር ሳይሆን እንደ በሰለ ካሮት ነው የሚጣፍጠው። ጨዉ መኖሩ የሚታወቅህ ከዋጥከው በኋላ ነው። ሹፌሩ ማንም እንዳያናግረኝ ሳይል ነው የበላው፣ ሲያወራ አመሸ።

ያንተው ብሎን

—

መጋቢት 3

ለልጄ ለብሎን፣

እግርሽ ደረጃ አይሰልች፣ ማዕድሽ ሰው አይጣ፣ ያሰብሽው ይሙላልሽ። እኔ ደህና ነኝ ማለት ለምጄ ነው እንጂ ደህና አልነበርኩም። አሁን ልንገርሽ።

ሐምሌ ላይ አሥር ቀን ትኩሳት ጣለኝ። ስነሳ ወተት ጥጄ ምድጃው አጠገብ ተቀምጬ ጋዜጣ አነባለሁ። ጎረቤት መጥታ በር ደበደበች፤ «ወተቱ አርሮ ሰፈሩን አሸተተው፣ እርስዎ ምን ሆነው ነው?» አለችኝ። ጭሱ ዓይኔ ውስጥ ነበር፤ አፍንጫዬ ግን አልሰማም። ሽንኩርት ነከስኩ፤ ውሃ ነው። ጨው ላስኩ፤ አሸዋ ነው። ሐኪሙ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል አለኝ። ለማን ልናገር? የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ምላስ የለውም ልበል? ስሜም እንጀራዬም ምላሴ ነበረች።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ በኋላ አንድ ሳምንት ዝም ብዬ ዞርኩ። «ካሮቷ ጥርስ ነበራት» የምትለው ነገር መንገድ ላይ ብቻዬን ታስቀኛለች። በመጨረሻ ፀጉር አስተካካዩ ሱቅ ሄጄ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ፎጣውን አሰረ፣ ሳሙናውን ቀባኝ። ምላጩ ጉንጬ ላይ እያለ ነው የነገርኩት። ያኔ ሊስቅ አይችልም ብዬ ነው።

ምላጩን አነሳና በመስታወቱ ውስጥ አየኝ።

«ስንት ወር?» አለኝ።

«ስምንት።»

«እና እኛ ስምንት ወር ሙሉ ባሕር ስንጠጣ የከረምነው አንተ ምላስህ ጠፍቶ ነው?» አለና አጠገቤ ያለው ወንበር ላይ ዘፍ አለ። ሳቀ ብልሽ ውሸት ነው፣ አለቀሰ ብልሽም ውሸት ነው። ፊቴን ግማሹን ላጭቶ ግማሹን በሳሙና ትቶ ግንበኛውን ሊጠራ ሮጠ። ስንት ሰው እየገባ እንዳየኝ አትጠይቂኝ።

ግንበኛው መጣና አጠገቤ ቆመ። ደም ግፊት አለበት ብሎን። ሐኪሙ ጨው ከልክሎት ኖሯል። «አንድ ጊዜ ከአንተ ቤት ወጥቼ ደረጃው ላይ ዞሮብኝ ተቀምጫለሁ» አለኝ። «ምግብህ ሊገለኝ ነው ብዬ እንዴት ልበልህ?»  ውርደቴን ልሸፍን ብዬ ወዳጄን ልቀብረው ነበር። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» ይባላል። እንዳይጥሉኝ ነበር የደበቅኩት። የጣለኝ መደበቄ ሆኖ አረፈው።

ቅዳሜ ድስቱን አወረድኩት። አቧራ ይዞ ነበር። ለግንበኛው ያለ ጨው፣ ሎሚ ጨምቄ ለብቻ ጣድኩለት። ለሌላው ፀጉር አስተካካዩ ማንኪያ ይዞ አጠገቤ ቆመ። እንዲህ ያለ ቀማሽ ለጠላቴም አይስጠው! ሁሉን «ጥሩ ነው» ይላል። «ጥሩ ነው ማለት አይደለም ሥራህ፣ ምን ጎደለው?» ብለው «እኔ ምን አውቃለሁ፣ የማውቀው ፀጉር ነው» ይለኛል። ተጨቃጨቅን፣ ሽንኩርቱ ሊያርርብን ነበር፤ እሱ ነው አሽትቶ የነገረኝ። አንቺ ሰባት ዓመትሽ ሆኖ ከእሱ መቶ እጥፍ ትቀምሺ ነበር።

በመጨረሻ ቀርቦ ተበላ። ግንበኛው ዳቦውን ሳህኑ ላይ ዞር ዞር አድርጎ ጠረገው። ይህን ካየሁ ስንት ጊዜዬ! እኔ ሙቀቱንና ልስላሴውን ብቻ በላሁ። አዝኛለሁ፣ አልዋሽሽም። እነሱ ሲያጣጥሙ አፋቸውን እያየሁ ቀናሁ። ግን ድስቱ ባዶውን ሆነ፣ ፀጉር አስተካካዩም ሳህን አጠበልኝ። መምህሩን ደግሞ ልጁ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ይዞት ሊመጣ ነው።

አሁን ቅጣትሽን ልንገርሽ። አንድ ዶሮ ከነአጥንቱ፣ ሦስት ካሮት፣ ሁለት ድንች፣ አንድ ሽንኩርት ሳይከተፍ እንዳለ። በቀዝቃዛ ውሃ ጣጂው፣ ሲፈላ አረፋውን ግፈፊ፣ ከዚያ እሳቱን አሳንሰሽ ሁለት ሰዓት ተዪው። ካሮቱን መጨረሻ ላይ ጨምሪ፤ ጥርስ ባይኖረው እኔ ፈቅጃለሁ በያቸው።

ጨው፣ በሦስት ጣት። ስንት ጊዜ እንደሆነ አልጽፍልሽም፣ አላውቀውም። በር ላይ ቁሚና ቅመሺ። ጨምሪ፣ ደግመሽ ቅመሺ። ሲበቃው አንድ ማንኪያ ቅጂና እፍ እፍ ብለሽ አብርጂው፣ እሱን ደግሞ ለእኔ ቅመሺልኝ። ደፉ ላይ ቆሜ እየጠበቅኩ ነው። ምን ጎደለው?

አጎትሽ